ከክንፉ ሥር ያለው እጅ

ስለ አየር ኃይላችን የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይከነክነዋል። አብራሪው ከነስሙ፣ ከነማዕርጉ፣ ከነሜዳዩ ገጹ ላይ አለ። አውሮፕላኑን አሰናድቶ ያስረከበው ሰው ግን ቢበዛ ከፎቶው ጠርዝ በጀርባው ይታያል፤ ስሙም አይጻፍም። የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ይነሣሉ። ይገባቸዋል። በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ገጥመው ጥለዋል፤ ኋላም ተመትተው ወርደው ከአሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቀዋል። ነገር ግን ኤፍ-5 በራሱ አይነሣም። ከክንፉ ሥር ተንበርክኮ ቦምቡን የሰቀለ፣ የመድፉን ጥይት የደረደረ፣ ሞተሩን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ዘግቶ የፈረመ ሰው አለ። ዛሬ ላደንቅ የተነሣሁት የዚያን ሰው እጅ ነው። ጀግንነቱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው።

ይህን ከሰንጋ ተራ ሆኖ መጻፍ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሰፈሩ ዛሬ የባንክ ሰፈር ነው። የንብ፣ የኅብረት፣ የዘመን ሕንፃዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃም ከሁሉም በላይ ይታያል። በምሳ ሰዓት መንገዱን የሚሞላው ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ በልደታ በኩል ለወረደ ሰው የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሩቅ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ፣ ከጦርነት የተረፉት የአሜሪካ ሲ-47 አውሮፕላኖች ለዓመታት ሲነሡና ሲያርፉ የኖሩት ልደታ ላይ ነው። ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረ፤ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ፤ ለሰፈሩም «አሮጌ ኤርፖርት» የሚል ስም ቀረለት። በዚህ አካባቢ የኖረ ሰው አውሮፕላን ነክቶ እንጀራ የበላ ጎረቤት አያጣም።

እኔ የማውቃቸው አዛውንት ግን የአየር ኃይሉ ሰፈር የደብረ ዘይት ሰው ናቸው። በአየር ኃይል አርማመንት ክፍል፣ ማለትም ቦምብ፣ ሮኬትና ጥይት በሚጭነው ክፍል፣ አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ወሬ ያሳጥራሉ፤ ስለ ሽቦ ሲጠየቁ ግን አያልቅባቸውም። ሕንፃው ሥር ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ «ጋሼ፣ የአየር ኃይል መካኒክ ከጋራዥ መካኒክ በምን ይለያል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ልጃቸውን ልከው ከቤት አንድ ፌስታል አስመጡ። ውስጡ ሁለት ቡሎን የታሰሩበት ቁራጭ አሉሚኒየም፣ ፒንሳና ጥቅል ሽቦ ነበር። ወጣቶቹን ሲያስተምሩበት የነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ ያለ ቡሎን ደግሞ ውሎ አድሮ ይላላል። ጋራዥ ውስጥ ራንዴላ ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ አለቀ። የአውሮፕላን ቡሎን ግን ራሱ ላይ ቀጭን ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው ሴፍቲ ዋየር የሚሉት የማይዝግ ሽቦ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። አዛውንቱ ሽቦውን በመጀመሪያው ቡሎን ቀዳዳ አሳለፉና አንዱን ጫፍ በቡሎኑ ራስ ዙሪያ ጠመጠሙት። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ይዘው ወጠር እያደረጉ መግመድ ጀመሩ። ጣቶቻቸው ወፍራምና የደነደኑ ናቸው፤ ሽቦው ላይ ሲሆኑ ግን ኃይል አይታይባቸውም። ግምዱ አንድም ቦታ ሳይላላ፣ አንድም ቦታ ሳይተፋፈግ ሄዶ ከሁለተኛው ቡሎን ቀዳዳ አፍ ላይ ሲደርስ ልክ አለቀ። አልለኩትም፤ ዓይናቸው ለካው። አንዱ ጫፍ ገባ፣ ሌላው ዞረ፣ እንደገና ተገመደ፣ ጭራው ተቆረጠ፣ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

ለዚህ ውፍረት ሽቦ ደንቡ በአንድ ኢንች ከስድስት እስከ ስምንት ግምድ ነው። ካነሰ ሽቦው ይላላል፤ ከበዛ ደግሞ ብረቱ ደክሞ በንዝረት ይበጠሳል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው አቅጣጫው ነው። ሽቦው ሁለቱንም ቡሎኖች ወደሚጠብቁበት በኩል መሳብ አለበት። እንዲያ ሲሆን አንደኛው ልላላ ቢል ሌላውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተጠባባቂ ይሆናሉ። በተቃራኒው የታሰረ ሽቦ ከመፈታት አያድንም፤ ችግሩ መልኩ ያው መሆኑ ነው። ያማረ፣ የተስተካከለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግን የማይረባ። የዚህ ሙያ ውበት ለዓይን ብቻ የማይገለጠው ለዚህ ነው። ሽቦው ለምን በዚያ በኩል እንደዞረ ያልገባው ሰው ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም።

የታጠፈውን ጭራ በጣቴ እንድነካው አደረጉኝ። አይቆርጥም። «ይቺ ለአውሮፕላኑ አይደለችም፤ ካንተ በኋላ እጁን እዚያ ለሚያገባው ልጅ ናት» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተቆረጠችውን የሽቦ ቁራጭ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል ፈልገው አንሥተው ኪሳቸው ከተቷት። ሻይ ቤት ውስጥ! አስተናጋጇ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የኤፍ-5 ሞተሮች፣ ጄ-85 የሚባሉት፣ ትንንሽና ሥሥ ናቸው። አፋቸው ውስጥ የገባች የሽቦ ቁራጭ ወይም ቪቴ ውስጣቸውን ልትበላው ትችላለች። ስለዚህ ይዘኸው የገባኸው መፍቻ ሁሉ ተቆጥሮ ይወጣል፤ አንድ ካቻቪቴ ከጎደለ እስኪገኝ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም። ሜዳውን ጎን ለጎን ተሰልፎ ጠጠር መልቀምም የሥራው አካል ነው።

ስለ እጅ ሥራና ስለ አውሮፕላን ሲነሣ ብዙ ሰው «ፀሐይ»ን ይጠቅሳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ ሠርተው በ1928 ዓ.ም. ያበረሯት፣ ጣሊያን ማርኮ የወሰዳት፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው ትንሽ አውሮፕላን ናት። የምትደነቅ ሥራ ናት። ነገር ግን እሷ የምትታይ ሥራ ናት፤ ሙሉ አካል አላት፣ ቀለም አላት፣ ስም አላት። የአርማመንት ሰው ሥራ ከተሠራ በኋላ ክዳን ይዘጋበታል፤ ወይም ተወርውሮ ይፈነዳል።

ወደ ደብረ ዘይት እንመለስ። ይህን የጥንቃቄ ልማድ ከተከሉት ዋነኞቹ ስዊድኖች ናቸው። ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው መጥተው አየር ኃይሉን ሲያደራጁ ከ10 ዓመት በላይ ቆዩ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮም ሳብ-17 የተባሉት የስዊድን ቦምብ ጣዮች መግባት ጀመሩ። ከ40 በላይ ነበሩ። ሳብ-17 ለአሠራር ወዳጅ የሚጥም አውሮፕላን ነው። ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚገታለት ነገር ይፈልጋል፤ ሌሎች ለዚህ ብለው ክንፍ ላይ የተለየ ላሜራ ይገጥሙ ነበር። የሳብ መሐንዲሶች ግን የጎማ እግሮቹን ትልልቅ ሽፋን አለበሷቸውና አብራሪው ሲወረወር እግሮቹን እንዲዘረጋ አደረጉ። ሽፋኖቹ አየሩን ይጋፈጣሉ፤ የማረፊያው እግር ፍሬን ሆነ ማለት ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲሠራ መካኒኩም ሁለት ጊዜ ያየዋል። በማረፍ የሚጎዳ መገጣጠሚያ አሁን በመወርወርም ይጎዳልና።

ፎን ሮዘን ኋላም ከኢትዮጵያ አልራቁም፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደሉ።

በስሙም በግብሩም ቦምብ ጣይ የምንለው ግን ካንቤራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አራት ታድሰው ከእንግሊዝ መጡ። ሰፊ ክንፍ፣ ሁለት ሞተር፣ ሆዱ ውስጥ የቦምብ ጎተራ፤ አነጣጣሪው ከፊት ካለው የመስታወት አፍንጫ በደረቱ ተኝቶ መሬቱን ያያል። ከሁሉም የሚገርመኝ አነሣሡ ነው። የካንቤራ ሞተር የሚነሣው በካርትሪጅ ነው፤ ከሞተሩ አፍንጫ ውስጥ የባሩድ ካርትሪጅ ይጎረሳል፣ ይተኮሳል፣ ጋዙ ተርባይኑን አስፈንጥሮ ያዞረዋል። ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል፤ ለማያውቅ ሰው አውሮፕላኑ የፈነዳ ይመስላል። የምድር ሠራተኛው የእሳት ማጥፊያውን ይዞ፣ ከጎኑ ቆሞ፣ ጭሱ ትክክለኛው ጭስ መሆኑን ያያል። ካርትሪጁ ሳይተኩስ ከቀረ ተንደርድሮ አይከፍተውም፤ ይጠብቃል። መጠበቅም እዚያ ሙያ ነው።

ከዚያ 1969 ዓ.ም. መጣ። በሚያዝያ ወር ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች አስወጣ፤ የአሜሪካ ዕቃም ቆመ። አየር ኃይሉ የያዘው ግን የአሜሪካ አውሮፕላን ነው። ጥቂት ቀደም ብለው የገቡት ስምንት ያህል ኤፍ-5ኢዎችና ከእነሱ የቀደሙት ኤፍ-5ኤዎች መለዋወጫቸው ከባሕር ማዶ ነው። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በነሐሴ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። በዚያ ጊዜ ሃንጋር ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከአንዱ ተነቅሎ ለሌላው ይገጠማል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን የተነቀለው ፓምፕ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት እንደቀረው ተመዝግቦ አብሮት መሄድ አለበት። ካልሆነ ዕቃው ሳይሆን ሞት ተዛወረ ማለት ነው። የመዝገቡ ንጽሕና ከመፍቻው እኩል የሆነበት ዘመን ነበር።

የኤፍ-5ኢን አፍንጫ ክዳን ከፍተን እንይ። ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይጫናል። መድፉ በደቂቃ 1500 ያህል ይተፋል። አስሉት፤ ጠቅላላው የተኩስ ዕድሜ 11 ሰከንድ ገደማ ነው። ለእነዚያ 11 ሰከንዶች አንድ ሰው ጥይቶቹን በሰንሰለት አያይዞ በሣጥኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያጣጠፈ፣ ጋቢ እንደሚታጠፍ ሳይጨማደድ፣ ይደረድራል። አንድ ማያያዣ ቢጣመም፣ አንድ ጥይት ከጓደኞቹ አንድ ሚሊ ሜትር ወደፊት ቢወጣ፣ ሰንሰለቱ ከመጋቢው አፍ ላይ ይነክሳል። አብራሪው ሚጉን ከፊቱ አግኝቶ ምላጩን ሲጫን ድምፅ የለም። አዛውንቱ ይህን ሲያስረዱኝ ሰንሰለቱን በዓይናቸው ሳይሆን በመዳፋቸው እየዳበሱ እንደሚያልፉት አሳዩኝ፤ ዓይን ይዘላል፣ መዳፍ አይዘልም አሉ።

ቦምቡስ? ከጀርባው ሁለት ቀለበት አለው፤ በ500 ፓውንዱ የአሜሪካ ቦምብ ላይ በመካከላቸው 14 ኢንች ነው። ቀለበቶቹ ከክንፉ ሥር ካለው መንጠቆ ይገባሉ። ከዚያ ቦምቡ እንዳይወዛወዝ ከግራና ከቀኝ የሚደግፉት ቡሎኖች አሉ፤ እነሱ በእኩል መጠበቅ አለባቸው፤ አንዱ ከበለጠ ቦምቡ ጥቂት ዞሮ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ሽቦዎቹ ውስጥ የባዘነ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩ ይለካል፤ ቦምቡን የሚገፈትረው ትንሽ ካርትሪጅ በኤሌክትሪክ ነውና የሚተኮሰው። ከመለካት በፊት ካርትሪጅ ማስገባት አይታሰብም።

የሥራው ክብደት ግን ፊውዙ፣ ማለትም ቦምቡን የሚያፈነዳው ክፍል፣ ላይ ነው። ከቦምቡ አፍንጫ ላይ ያለው ፊውዝ ትንሽ ፕሮፔለር አለችው። አንድ ቀጭን ሽቦ ከክንፉ መስቀያ ተነሥቶ በፕሮፔለሯ ቀዳዳ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ማያዣ ይደረግበታል። ቦምቡ ሲወድቅ ሽቦው ከመስቀያው ጋር ይቀራል፣ ከፕሮፔለሯ ተመዞ ይወጣል፤ ፕሮፔለሯ በነፋሱ ትሽከረከራለች፤ ከተወሰነ ሰከንድ በኋላም ፊውዙ ይነቃል። አብራሪው ቦምቡን ሳይፈነዳ መጣል ከፈለገ ደግሞ መስቀያው ሽቦውን ይለቀዋል፤ ሽቦው ከቦምቡ ጋር ይወርዳል፣ ፕሮፔለሯም እንደታሰረች ትቀራለች። አንዲት ሽቦ ናት ሁለቱን የምትወስነው። አሁን የጫኙን ችግር አስቡት። ሽቦዋ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ነፋስ ውስጥ እንዳትሾልክ መያዝ አለባት፤ ስትሳብ ደግሞ ሳታንገራግር መውጣት አለባት። ማያዣው ከጠበቀ ቦምቡ ሳይነቃ ይወድቃል፤ ከላላ ከክንፉ ሥር ሳለ ይነቃል። የሽቦዋ ጫፍ ስትቆረጥ ጥርስ ካወጣች ቀዳዳው ላይ ትይዛለች፤ ስለዚህ ጫፏ ይሞረዳል፣ በጣት ይዳሰሳል። ይህ ሁሉ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ብረቱ እጅ እያቃጠለ፣ አብራሪው ቀበቶውን እያሰረ ነው።

በምድር የሚሠሩትን መኮንኖች ሥራ በጥቂቱ ብቻ ልንካው፤ የእነሱ ጥበብ ከወረቀት ላይ ነውና ለማሳየት ያስቸግራል። ደብረ ዘይት ከባሕር ጠለል 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ድሬዳዋ ዝቅ ትላለች ግን ትግላለች። ከፍታም ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል፤ ክንፉ ያነሰ ይሸከማል፣ ሞተሩ ያነሰ ይገፋል። ስንት ቦምብ፣ ስንት ነዳጅ፣ ከስንት ሰዓት በፊት የሚለውን አንድ መኮንን በሠንጠረዥና በእርሳስ ያወጣዋል። ከጂጂጋ በላይ ካራማራ ላይ የነበረው ራዳር በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እስኪያዝ ድረስ ደግሞ አብራሪዎቹን በድምፅ የሚመራ ሌላ መኮንን ነበረ። በመጨረሻም ፎርሙ አለ። አሜሪካኖቹ ከአውሮፕላኑ ጋር ባስተማሩት ሥርዓት ከባድ ብልሽት ያለበት አውሮፕላን መዝገቡ ላይ ቀይ ኤክስ ይሰመርበታል። ብልሽቱ ተጠግኖ፣ የተፈቀደለት ተቆጣጣሪ አይቶ እስኪፈርም ድረስ በአዛዥ ትእዛዝ እንኳ አይበርም። ማዕርግ በሚፈራበት ሠራዊት ውስጥ አንድ መለስተኛ የበታች ሹም በቀይ እስክሪብቶ ጄኔራል የሚያቆምበት ቦታ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ተመለሰ። ሰው የሚያከብረው ቀን ያ ነው።

ይሁንና ይህን ሙያ ሳደንቅ አንድ ነገር ዘልዬ አላልፍም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ የደበደቡት የጣሊያን አውሮፕላኖችም ጥንቁቅ ጫኞች ነበሯቸው፤ ፊውዞቻቸው ሠርተዋል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ የወረደው ቦምብ ደግሞ የጣሊያን አልነበረም፤ የራሳችን አየር ኃይል ነበር። የገበያ ቀን ነበር፤ የሞተውም ገበያተኛ ነው። እዚያም አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ቀለበቱን ከመንጠቆው አግብቷል፣ ቡሎኑን በእኩል አጥብቋል፣ ሽቦውን ሞርዷል። ወዴት እንደሚሄድ ላይነገረው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጫኝ አይነገረውም። ይህ ነፃ ያወጣዋል ወይ? እኔ አያወጣውም ባይ ነኝ፤ ትእዛዝ የሰጠውን ያህል ግን አልጠይቀውም። አዛውንቱን ስለ ሐውዜን ጠይቄአቸዋለሁ። እሳቸው በዚያን ጊዜ ሌላ ምድብ ነበሩ። ሻያቸውን ገፋ አድርገው «ሥራው ጥሩ ሲሆን ሁለቱም ጋ ይደርሳል» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልሄዱበትም፤ እኔም አልገፋሁም።

አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ለዕይታ ሲቆሙ አይቻለሁ፤ ቀለም ተቀብተው፣ ክዳናቸው ተዘግቶ፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው። ጎብኚው ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። አንዱን ክፈቱት። የኤፍ-5ን የመድፍ ክፍል ክዳን አንሥቶ በመስታወት መሸፈን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የጥይቱ ሰንሰለት በባዶ ቀለሃ ተደርድሮ ይታይ። ባዶ ቦምብ ከክንፉ ሥር ሰቅሎ ሽቦዋን በፕሮፔለሯ ማሳለፍም ይቻላል። ከኮክፒቱ ሥር የአብራሪው ስም በሚጻፍበት ቦታ አጠገብ የክሩ ቺፉ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ጥገና ኃላፊ፣ እና የጫኙ ስም ይግባ፤ የጥገና መዝገቦቹ ካሉ ፊርማዎቹ እዚያ ላይ ናቸው። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ስለ ስሙ ምንም አላሉም። የተጨነቁት ስለ ክዳኑ ነው፤ ለዕይታም ቢሆን የሚከፍተው ሰው ቪቴዎቹን ቆጥሮ በከረጢት አስሮ እዚያው እንዲያንጠለጥል፣ ወደ ሌላ አውሮፕላን እንዳያዛውራቸውም አደራ አሉ።